ያልነካሁት ቁጥር ለምን ተበላሸ? የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፦

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሚገኝ አንድ የጅምላ ዕቃ ማከፋፈያ ድርጅት ውስጥ በፕሮግራም ጥገና ሥራ ላይ እገኛለሁ። የድርጅቱ የትእዛዝ መቀበያ፣ የመጋዘንና የሂሳብ ሥራ በሙሉ የሚካሄደው በቀድሞ ስሙ ኤኤስ/400፣ በአሁኑ አጠራር አይቢኤም አይ በሚባለው ማሽን ላይ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከእኔ በፊት በነበሩ ሰዎች በአርፒጂ ቋንቋ፣ በድሮው የዓምድ አጻጻፍ የተጻፉ ናቸው። የትእዛዝ መቀበያው ፕሮግራም የዕቃ ተረካቢውን ስምና ከተማ ለማግኘት አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ይጠራል። ከጥሪው ሲመለስ ግን፣ በጥሪው ያልተላለፈውና የተጠራው ፕሮግራም ጭራሽ የማያውቀው የቅናሽ መቶኛ ተበላሽቶ ይገኛል፤ ቀጥሎ ካለው ስሌት ላይ ሲደርስም ፕሮግራሙ የዴሲማል ዳታ ስህተት የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ይህ የሚሆነው በጥቂት ደንበኞች ላይ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማጣራት ብዬ 20 ፊደል የሚይዝ አንድ ጊዜያዊ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) ጨምሬ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ሳደርገው፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ ሳስተረጉመው፣ ስህተቱ ጠፋ። ምክንያቱን ባላውቅም ሥራው ስለቀጠለ ተውኩት። ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ፕሮግራሙን አሻሽዬ ኮምፓይል ባደረግሁ ማግስት፣ የቅናሹ መቶኛ ደህና ሆኖ የመጋዘን ኮዱ ባዶ እየሆነ መጣ። የሥራ ባልደረባዬ የማሽኑ ሜሞሪ ሳይበላሽ አልቀረም ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ከየት ልጀምር?

አንባቢያችሁ ከሚኒሶታ

መልስ

ውድ አንባቢያችን፣ አለመቀበልዎ ተገቢ ነው። የተበላሸ ሜሞሪ ደንበኛ አይመርጥም፤ ሁልጊዜ ከአንድ ጥሪ በኋላ ብቻም አይታይም። የላኩልን ደብዳቤ ሦስት ምልክቶችን በግልጽ ይዟል፦ ጥፋቱ የሚደርሰው ከጥሪ በኋላ ነው፤ ፕሮግራሙ እንደገና ኮምፓይል ሲደረግ ጥፋቱ ቦታ ይቀይራል፤ የሚደርሰውም በተወሰኑ መዝገቦች ላይ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ፣ በእኔ ልምድ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጠሪው ፕሮግራምና የተጠራው ፕሮግራም ስለ አንድ ፓራሜትር (በጥሪ ጊዜ የሚተላለፍ ዋጋ) ርዝመት መስማማት አለመስማማታቸው ነው። ስለዚህ የታመመውን ተለዋዋጭ ለጊዜው ይተዉትና ጎረቤቱን ይፈልጉ።

በዚህ ማሽን ላይ አንድ የአርፒጂ ፕሮግራም ሌላውን ፕሮግራም ሲጠራ የሚያስተላልፈው ዋጋውን ሳይሆን ዋጋው በሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠበትን አድራሻ ነው። የተጠራው ፕሮግራም የሚደርሰው መነሻው ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ መነሻ ጀምሮ ምን ያህል ባይት የእሱ እንደሆነ የሚወስነው በራሱ ውስጥ በተጻፈው የተለዋዋጭ መግለጫ ነው። ይህ ለአንድ ገበሬ የማሳውን መነሻ ድንጋይ ብቻ አሳይቶ ርዝመቱን በራሱ ቀላድ እንዲለካ እንደ መተው ነው፤ የገበሬው ቀላድ ከባለርስቱ ቀላድ የረዘመ እንደሆነ ድንበር መግፋቱ አይቀርም፤ የሚገፋውም መሬቱን ያከራየውን ሰው ማሳ ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን የጎረቤት ማሳ ነው። የእርስዎ የቅናሽ መቶኛ ያ ጎረቤት ነበር። በጥሪው ውስጥ ስሙ ያልተነሳውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሁኔታ ልግባ። ፕሮግራሞቹን ባላያቸውም፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የማገኘው ታሪክ የሚከተለው ነው። በአድራሻው ፋይል ውስጥ የተረካቢው ስም 30 ባይት ነበር፤ ረጅም ስም ያላቸው ድርጅቶች ሲበዙ አንድ ሰው ፊልዱን ወደ 40 አሳደገው። አድራሻ ፈላጊው ፕሮግራም ፓራሜትሩን «ልክ እንደ ፋይሉ ፊልድ» ብሎ ስለገለጸ፣ እንደገና ኮምፓይል ሲደረግ አዲሱን ርዝመት ራሱ ወሰደ። የትእዛዝ መቀበያው ፕሮግራም ግን 30 የሚለውን ቁጥር በእጅ የጻፈ ነው፤ ያንን ፋይል ራሱ ስለማይከፍተውም ማንም አላስታወሰውም። ከዚያ በኋላ አድራሻ ፈላጊው ስሙን በጻፈ ቁጥር፣ ስሙ አጭር ቢሆን እንኳ እስከ 40 ድረስ በክፍት ቦታ ስለሚሞላው፣ 10 ክፍት ቦታዎች ከ30ው አልፈው ይፈስሳሉ።

ክፍት ቦታ በዚህ ማሽን በሚሠራበት የፊደል ኮድ፣ በአሥራ ስድስት መሠረት (ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት አኃዞች) ሲጻፍ 40 ነው። የቅናሽ መቶኛው በፓክድ ዴሲማል (በአንድ ባይት ሁለት አኃዝ በሚያስቀምጠው አጻጻፍ) 5 አኃዝና ከዚያ ውስጥ 2 የክፍልፋይ አኃዝ ያለው ቢሆን 3 ባይት ይይዛል፤ 7.50 የሚለው ዋጋ 00 75 0ኤፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ የመጨረሻዋ ግማሽ ባይት የምልክት (የፕላስ ወይም የማይነስ) ቦታ ናት። በላዩ ላይ ክፍት ቦታ ሲፈስበት 40 40 40 ይሆናል። ያኔ በምልክቱ ቦታ የሚገኘው 0 ነው፤ 0 ደግሞ ተቀባይነት ያለው ምልክት አይደለም። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ለስሌት ሲያነሳ የዴሲማል ዳታ ስህተት ብሎ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የመጋዘን ኮዱ ግን የፊደል ተለዋዋጭ ስለሆነ፣ ክፍት ቦታ ቢሞላበት ለማሽኑ ሕጋዊ ዋጋ ነው። ያለ ምንም መልእክት ባዶ ይሆናል። ከሁለቱ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ቢያንስ ጮኾ ያቆማል።

የጨመሩት ጊዜያዊ ተለዋዋጭ ምን እንዳደረገ አሁን ይገባዎታል። ተለዋዋጮች በሜሞሪ ውስጥ በየት ቅደም ተከተል እንደሚቀመጡ የሚወስነው ኮምፓይለሩ ነው። አዲሱ ተለዋዋጭ ከስሙ ቀጥሎ ገብቶ የፈሰሱትን 10 ባይቶች ተቀበለ፤ ማንም ስላልተጠቀመበትም ጉዳቱ አልታየም። በኋላ ፕሮግራሙ ሲሻሻል አቀማመጡ ተቀየረና የመጋዘን ኮዱ ከስሙ አጠገብ ወደቀ። ስህተቱ በነዚያ ሁለት ወራት ሁሉ እንዳለ ነበር። በጥቂት ደንበኞች ላይ ብቻ የታየውም፣ እንደምገምተው፣ አድራሻ ፈላጊው ስሙን የሚጽፈው የተለየ የማስረከቢያ አድራሻ ላላቸው ደንበኞች ብቻ ስለሆነና ለሌሎቹ ምንም ሳይጽፍ ስለሚመለስ ነው። ስህተቱ የሚታይባቸውን ደንበኞች ዝርዝር አውጥተው የሚያመሳስላቸውን ነገር ቢፈልጉ፣ የተጠራው ፕሮግራም የትኛው መንገድ ላይ እንደሚጽፍ በቀጥታ ይመራዎታል።

ብዙ ሰው «ይህ ማሽን በጥበቃው የታወቀ አይደለም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው። አይቢኤም ኤኤስ/400ን እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1988 ሲያስተዋውቅ፣ በሚኒሶታዋ የሮቸስተር ከተማ የተሠራው ይህ ማሽን፣ ከቀዳሚው ሲስተም/38 የወረሰው የዕቃ (በማሽኑ ውስጥ ያለ ፕሮግራም፣ ፋይልና የመሳሰለው) ጥበቃ ነበረው፤ አንድ ፕሮግራም የራሱ ባልሆነ ዕቃ ውስጥ እንዳይገባ፣ ሐሰተኛ የሜሞሪ አድራሻ ፈጥሮም እንዳይጠቀም ማሽኑ ራሱ ይከለክላል። አንድ ጽሑፍ ከተመደበው የሜሞሪ ክልል ጠርዝ አልፎ ሲሄድም ስህተት ብሎ ያቆመዋል። ነገር ግን በአንድ ፕሮግራም የራሱ የተለዋዋጮች ክልል ውስጥ፣ በአንዱ ተለዋዋጭና በሌላው መካከል አጥር የለም። ለፋይሎች ሌቨል ቼክ የሚባል ጥበቃ አለ፤ የፋይሉ ቅርጽ ከተቀየረና ፕሮግራሙ በአሮጌው ቅርጽ ኮምፓይል የተደረገ ከሆነ ፋይሉ አይከፈትለትም። ለፓራሜትሮች ግን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አልተሠራም። የሌቨል ቼክ ጥበቃ የለመደ ሰው ለፓራሜትሮችም ያለ ይመስለዋል፤ ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ግምቴን እንዲሁ አይቀበሉት፤ በዲበገር (ፕሮግራሙን እያስቆሙ በሚመረምሩበት መሣሪያ) ያረጋግጡ። ፕሮግራሞቹ በአይኤልኢ አርፒጂ (በአዲሱ የአርፒጂ ዓይነት) የተጻፉ ከሆኑ፣ ሁለቱንም የምንጩን ጽሑፍ ለማየት በሚያስችል መልኩ በሙከራ ላይብረሪ ውስጥ ኮምፓይል ያድርጓቸው፤ ዲበጉን ሲጀምሩም የሥራ ላይ ፋይሎች እንዳይነኩ የሚከለክለውን አማራጭ አይቀይሩት። ከጥሪው መስመርና ከጥሪው ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ የማቆሚያ ነጥብ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ የተጠረጠረውን ተለዋዋጭ በተራ መልኩ ሳይሆን በአሥራ ስድስት መሠረት እንዲያሳይዎ ይጠይቁና ይመዝግቡት፤ በሁለተኛው ላይ ደግመው ይመልከቱት። 00 75 0ኤፍ የነበረው 40 40 40 ሆኖ ካዩ የፈሰሰው ክፍት ቦታ መሆኑን አወቁ ማለት ነው። በመቀጠል ዎች በሚባለው የዲበገሩ ትእዛዝ ያንን ተለዋዋጭ እንዲጠብቅልዎ ያድርጉ፤ ይህ ትእዛዝ የሚጠብቀው ስሙን ሳይሆን የሜሞሪ ቦታውን ስለሆነ፣ ያንን ቦታ የቀየረው የፕሮግራም ዓረፍተ ነገር እንደተፈጸመ ሥራውን ያቆመዋል። በተጠራው ፕሮግራም ውስጥ፣ የተረካቢውን ስም በሚያስቀምጠው መስመር አጠገብ ቆሞ ካገኙት፣ ፍለጋው አለቀ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ድርጅት ስሠራ፣ ተመሳሳይ ችግር ላይ ሦስት ሳምንት አጥፍቻለሁ። በየቀኑ የማነበው የተበላሸውን ቁጥር የሚያሰሉትን መስመሮች ነበር፤ አንድም ቀን ፓራሜትሮቹን ጎን ለጎን አድርጌ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ሁለቱን የፓራሜትር ዝርዝሮች በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ ጻፍኳቸው፤ ልዩነቱን ለማየት የፈጀብኝ አንድ ሰዓት አልሞላም። ስለዚህ ዲበገር ከመክፈትዎ በፊት ይህን የወረቀት ሥራ እንዲሠሩ አጥብቄ እመክራለሁ፦ የእያንዳንዱን ፓራሜትር ቅደም ተከተል፣ ዓይነትና ርዝመት ከሁለቱም ወገን ይጻፉ። ፓክድና ዞንድ የሚባሉት የቁጥር አቀማመጦች የአኃዛቸው ብዛት እኩል ቢሆንም የሚይዙት ባይት እኩል እንዳልሆነ አይዘንጉ፤ 7 አኃዝ በፓክድ 4 ባይት፣ በዞንድ 7 ባይት ነው።

ጥገናውን በተመለከተ፣ ዛሬውኑ የሚደረገው የጠሪውን ተለዋዋጭ ወደ 40 ማሳደግ ነው። ነገር ግን ያንን አድራሻ ፈላጊ የሚጠራው የእርስዎ ፕሮግራም ብቻ ላይሆን ይችላል። በምንጭ ፋይሎች ሁሉ ውስጥ የፕሮግራሙን ስም ፈልገው ጠሪዎቹን አንድ በአንድ ያርሙ፤ የሚጠራውን ፕሮግራም ስም በተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጦ የሚጠራ ካለ በዚህ ፍለጋ አይገኝምና የቀድሞ ሠራተኞችን መጠየቅም ያስፈልጋል። በዘላቂነት ግን ድሮ ከነበረው የኮልና የፓርም (የጥሪና የፓራሜትር ትእዛዝ) አጻጻፍ ወጥቶ በፕሮቶታይፕ መጥራት ነው። ፕሮቶታይፕ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አርፒጂ የገባ ሲሆን፣ የፓራሜትሮቹን ዓይነትና ርዝመት ለኮምፓይለሩ ስለሚነግረው፣ ከሚጠበቀው ያነሰ ተለዋዋጭ ለማስተላለፍ ሲሞክሩ ኮምፓይለሩ እዚያው ይከለክልዎታል። የተጠራው ፕሮግራም የማይቀይራቸውን ፓራሜትሮች ኮንስት ብለው ከገለጹ ደግሞ፣ ርዝመቱ የተለየ ሲሆን ኮምፓይለሩ በትክክለኛው መጠን ጊዜያዊ ቅጂ አዘጋጅቶ ያንን ያስተላልፋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ፕሮቶታይፑ በአንድ የኮፒ ፋይል (ብዙ ፕሮግራሞች በሚጋሩት የምንጭ ጽሑፍ) ውስጥ ተጽፎ ጠሪውም የተጠራውም ፕሮግራም ያንኑ ማስገባት አለባቸው። ከአይቢኤም አይ 7.1 ስሪት ጀምሮ በተጠራው ፕሮግራም ውስጥ ፕሮቶታይፑን መጻፍ ግዴታ መሆኑ ስለቀረ ብዙዎች ይተዉታል፤ ሲተዉት ግን ኮምፓይለሩ የፕሮግራሙን የራሱን የፓራሜትር መግለጫ ከፕሮቶታይፑ ጋር የሚያነጻጽርበትን ዕድል ያጣል። ጠሪው በእጁ የገለበጠው ፕሮቶታይፕ ደግሞ ከበፊቱ የ30 ቁጥር በምንም አይሻልም።

ከጥገናው ባልተናነሰ የተበላሸውን ዳታ መፈለግ ያስፈልጋል። የፈሰሱት ባይቶች 10 ናቸው፤ የቅናሽ መቶኛው የያዘው 3 ብቻ ነበር። የቀሩት 7 ባይቶች በምን ላይ እንዳረፉ የሚያውቅ የለም፤ ያረፉበት የፊደል ተለዋዋጭ ከሆነ ድምፅ ሳያሰማ ባዶ ሆኖ ወደ ፋይል ተጽፏል። የአድራሻው ፊልድ ካደገበት ቀን ጀምሮ የተጻፉትን የእነዚያን ደንበኞች ትእዛዞች አውጥተው፣ ባዶ መሆን የማይገባቸው ፊልዶች ባዶ ሆነው እንደሆነ ይመርምሩ። ውጤቱንም ለመጋዘንና ለሂሳብ ክፍሎች በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ዕቃው ወደተሳሳተ መጋዘን የሄደበት ሰው ምክንያቱን ማወቅ ይገባዋል።

የፓራሜትሮቹ ርዝመት እኩል ሆኖ ከተገኘስ? ያን ጊዜ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ፣ ነገር ግን የተለዩ ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛው፣ የአርፒጂ ፕሮግራም ኤልአር የሚባለውን፣ ሥራው ማለቁን የሚያሳውቀውን አመልካች ሳያበራ ከተመለሰ ተለዋዋጮቹን እንደያዘ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ጥሪ የቀደመው ደንበኛ ዋጋ ይታያል። ልዩነቱን በዚህ ይለዩታል፦ የተበላሸው ዋጋ ከአንድ ቀደም ያለ መዝገብ ጋር የሚመሳሰል ሙሉ ዋጋ ከሆነ ያልጸዳ ተለዋዋጭ ነው፤ ክፍት ቦታ ወይም የሌላ ፊልድ ቁራጭ ከሆነ የፈሰሰ ነው። ሁለተኛው ሎካል ዳታ ኤሪያ ነው። ይህ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጥ የ1024 ባይት ቦታ ሲሆን፣ የተለያዩ ፕሮግራሞች አንዱን ቦታ ለተለያየ ነገር ከተጠቀሙበት አንዱ የሌላውን ያጠፋል።

ጥያቄ

እኔም በዚሁ ማሽን ላይ እሠራለሁ። አንድ ፕሮግራም 50 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍና 7 አኃዝ ያለው ፓክድ ቁጥር ይቀበላል። ከሌላ ፕሮግራም ሲጠራ ደህና ነው። ከትእዛዝ መስመር ላይ ስጠራው ግን በጽሑፉ መጨረሻ የማላውቃቸው ፊደላት ይታያሉ፤ ቁጥሩ ደግሞ የዴሲማል ዳታ ስህተት ያመጣል። ፕሮግራሙ ነው ወይስ አጠራሬ?

አንባቢያችሁ ከስዊድን

መልስ

አጠራርዎ ነው። ከትእዛዝ መስመር ሲጠሩ፣ ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ክፍል የተጠራው ፕሮግራም ምን እንደሚጠብቅ ስለማያውቅ የራሱን ሕግ ይከተላል። ጽሑፉ 32 ባይት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እስከ 32 ድረስ በክፍት ቦታ ይሞላዋል፤ ከ32 ካለፈ በጻፉት ልክ ብቻ ያስተላልፋል። የእርስዎ ፕሮግራም 50 ስለሚያነብ፣ ከተላለፈለት በላይ ያለውን የሚያገኘው በአጠገቡ ካለው ሜሞሪ ነው። አንዳንድ ቀን እዚያ ክፍት ቦታ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሙከራው ተሳካ ብሎ መደምደም አይቻልም።

ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ 15 አኃዝና ከእነዚህ ውስጥ 5 የክፍልፋይ አኃዝ ያለው ፓክድ ሆኖ በ8 ባይት ይተላለፋል። 1234 ብለው ቢጽፉ የሚሄደው 00 00 00 12 34 00 00 0ኤፍ ነው። ፕሮግራምዎ ግን 7 አኃዝ ስለሚጠብቅ የመጀመሪያዎቹን 4 ባይቶች ብቻ ያነባል፤ እነሱም 00 00 00 12 ናቸው፤ በምልክቱ ቦታ ያለው 2 ስለሆነ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ለሙከራ ያህል፣ ቁጥሩን በአሥራ ስድስት መሠረት በተጻፈ ቋሚ ጽሑፍ መልክ 0001234ኤፍ አድርገው ይላኩ፤ 50 ፊደል ለሚይዘው ጽሑፍ ደግሞ በጥቅሱ ውስጥ ክፍት ቦታዎቹን እስከ 50 ሞልተው የመጨረሻዋን ቦታ በአንድ ፊደል ይዝጉ።

ፕሮግራሙን በባች (ከበስተጀርባ) ለማስኬድ ሥራ ማስገቢያውን ትእዛዝ ከሲኤል (የማሽኑ የትእዛዝ ቋንቋ) ፕሮግራም ውስጥ የሚጠቀሙ ከሆነም ይኸው ችግር ተከትሎዎት ይሄዳል። ምክንያቱም ተለዋዋጩ ወደ ትእዛዝ ጽሑፍ ሲለወጥ በመጨረሻው ያሉት ክፍት ቦታዎች ይወድቃሉ፤ የተለዋዋጩ የተገለጸ ርዝመት 50 ቢሆንም ሕጉ ከላይ እንደተገለጸው ይሠራል። ለዚህ የሚሻለው መንገድ ለፕሮግራሙ የራሱን ትእዛዝ መፍጠር ነው፤ በትእዛዙ መግለጫ ውስጥ ጽሑፉ 50፣ ቁጥሩ 7 አኃዝ ተብሎ ከተጻፈ፣ ከመስመር ላይም ሆነ ከባች ሲጠራ እያንዳንዱ ፓራሜትር በዚያው ልክ ይዘጋጃል።